የሕዝብ አገልግሎት ተነሳሽነት መጠይቅ፦ ወጣቱንና አንጋፋውን ሠራተኛ ለማወዳደር ይሆናል?

«የዛሬ ልጆች ለደመወዝ እንጂ ለሥራ አይመጡም።» «አንጋፋዎቹ ጡረታቸውን ነው የሚጠብቁት።» በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ሁለቱንም አባባል በአንድ ስብሰባ ላይ ሰምቶ ያውቃል። ክርክሩን በቁጥር መቁረጥ የሚፈልግ ኃላፊ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው የሕዝብ አገልግሎት ተነሳሽነት መጠይቅን ነው። የምንገመግመው ይህንኑ መሣሪያ ነው፤ የምንመዝነውም ለአንድ ተግባር ብቻ ነው፦ በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ወጣትና አንጋፋ ሠራተኞችን ተነሳሽነት ለማወዳደር።

ፍርዳችንን አናዘግይ። መጠይቁ የአንድን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለሕዝብ የማገልገል ፍላጎት ለመለካት ደኅና መሣሪያ ነው። በአንድ ዙር ብቻ ሞልተው «ይህ ትውልድ እንዲህ፣ ያ ትውልድ እንዲያ» ለማለት ከተጠቀሙበት ግን ያሳስታል። አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በጥያቄዎቹ በኩል አይደለም፤ ከጥያቄዎቹ ጎን በሚጨመረው «ትውልድ» በሚል አምድ በኩል ነው።

ሦስቱ ቅጂዎች

የሕዝብ አገልግሎት ተነሳሽነት የሚለውን ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔሪና ሎይስ ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ1990 አቀረቡት። ወደ መለኪያ የቀየረው ፔሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ቅጂ 24 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ሠራተኛው እያንዳንዱን አንብቦ ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 5 ምልክት ያደርጋል። ዓረፍተ ነገሮቹ በአራት ዘርፍ ይከፈላሉ፦ ለፖሊሲ ሥራ መሳብ (3)፣ ለሕዝብ ጥቅም መቆርቆር (5)፣ ርኅራኄ (8) እና ራስን መስጠት (8)።

ሁለተኛው ሳንግሙክ ኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ባለ 16 ጥያቄ ቅጂ ነው። በ12 አገሮች ተሞክሯል፤ በአራት ዘርፍ ተከፍሎ እያንዳንዱ ዘርፍ አራት ጥያቄ አለው። ሦስተኛው በአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች ዳሰሳ የተለመደው ባለ 5 ጥያቄ አጭር ቅጂ ነው። ጥያቄዎቹ በጥናቶቹ ላይ ታትመው ስለሚገኙ ዋናው ወጪ የትርጉም፣ የሙከራና የማጠናቀሪያ ጊዜ ነው።

ለትውልድ ንጽጽር ባለ 24ቱን አንመክርም። ምክንያቱ ለፖሊሲ ሥራ መሳብን የሚለኩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ሦስቱም በአሉታ የተጻፉ ናቸው፤ ይዘታቸውም ፖለቲካን መጥላት፣ የፖሊሲ ድርድር አለመውደድና ለፖለቲከኞች ግድ ማጣት ነው። አንድ ሠራተኛ ፖሊሲ መቅረጽ እየወደደ ፖለቲከኞችን ሊጠላ ይችላል፤ መጠይቁ ይህን ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። ለፖለቲካ ያለው ስሜት ደግሞ ከዕድሜ ጋር አብሮ ሊለዋወጥ የሚችል ነገር ነው፤ ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚታየው የወጣትና የአንጋፋ ልዩነት ስለ ሥራ ይሁን ስለ ፖለቲካ መለየት አይቻልም። ከዚህ በላይ የማጠናቀር ችግር አለ። በአሉታ የተጻፈ ጥያቄ ሲጠናቀር መገልበጥ አለበት፦ በባለ 5 ነጥብ መለኪያ ከ6 ላይ የተሰጠውን ነጥብ መቀነስ። 5 የሰጠ 1፣ 2 የሰጠ 4 ይሆናል። ይህ ሲረሳ የዘርፉ ነጥብ ትርጉም ያጣል። ከጥያቄዎቹ አንዳንዱ ብቻ ሳይገለበጥ ከቀረ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የክሮንባክ አልፋ (የአንድ ዘርፍ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካ ቁጥር) በድንገት ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈተሸው ያልተገለበጠ ጥያቄ ነው።

ትርጉም፦ ብዙ ሥራ የሚጠይቀው ክፍል

በባለ 16ቱም ሆነ በባለ 5ቱ ላይ ከባዱ ቃል «መስዋዕትነት» ነው። በአማርኛ ይህ ቃል ደም፣ ጦር ሜዳና መሠዊያ ያስታውሳል። «ለኅብረተሰቡ ጥቅም ከፍተኛ መስዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ፊቱ የቀረበለት ሠራተኛ ስለ ቢሮ ሥራ መጠየቁን ይረሳል። አንዱ «እንዴት አይደለሁም እላለሁ» ብሎ 5 ያከብባል፤ ሌላው «ሕይወቴን የምሰጥበት ሥራ አይደለም» ብሎ 2 ያከብባል። ሁለቱ ሰዎች በሥራ ትጋት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ቃሉ ለተለያየ ዕድሜ የተለያየ ክብደት ካለው ደግሞ የሚለካው የቃሉ ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ ወደ መሬት ማውረድ ያስፈልጋል፦ «ሥራው ሰዎችን የሚጠቅም ከሆነ የግል ምቾቴን መተው አይከብደኝም።» ዓረፍተ ነገሩ በመጀመሪያ መደብ («ለእኔ»፣ «አይከብደኝም») ቢጻፍ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» የሚል ምርጫም አይገጥምም፤ ለ25 ዓመቱም ለ58 ዓመቱም አንድ ወረቀት ይሆናል።

መካከለኛው ነጥብም እንዲሁ ያስቸግራል። «ገለልተኛ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ቃሉ ግን ወገን አለመያዝን ያሳስባል፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ይህን ላለማለት ሲል 4 ላይ ይሸሻል። «ለመወሰን ይቸግረኛል» የሚለው ይሻላል።

የትርጉሙ ሂደት ይህን ይመስላል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፤ ሦስተኛው አስታርቆ አንድ ቅጂ ያወጣል፤ አራተኛው ዋናውን ሳያይ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሳል። ከዚያ ከ8 እስከ 10 ሠራተኞች፣ ግማሾቹ ወጣት ግማሾቹ አንጋፋ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበው «ይህ ምን ማለት ነው? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ተብለው ይጠየቃሉ። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሊዘለል የማይገባው ግን እሱ ነው። ወጣቶቹ «ትርፍ ሰዓት ያለ ክፍያ» ብለው የተረዱትን አንጋፋዎቹ «ሩቅ ቦታ መመደብ» ብለው ከተረዱት፣ ያ ጥያቄ ለንጽጽር አይሆንም፤ ይታረማል ወይም ይወጣል።

ኪምና ባልደረቦቹም በ12ቱ አገሮች ያገኙት ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ ጥያቄዎቹ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ትርጉም እንዳልያዙ አሳይተዋል። በአገሮች መካከል የሆነው በዕድሜ ቡድኖች መካከልም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አማካይ ከማወዳደር በፊት የመለኪያውን እኩልነት መፈተሽ ግድ ነው። መጀመሪያ አራቱ ዘርፎች በሁለቱም ቡድን መውጣታቸው፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ጥያቄ ከዘርፉ ጋር ያለው ዝምድና እኩል መሆኑ፣ በመጨረሻም የጥያቄዎቹ መነሻ ነጥብ እኩል መሆኑ (ተነሳሽነታቸው እኩል የሆኑ ወጣትና አንጋፋ ለጥያቄው እኩል ነጥብ መስጠታቸው) ይታያል። በየደረጃው ሲኤፍአይ የሚባለው፣ የታሰበው አከፋፈል ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየው መለኪያ ከ0.01 በላይ ከቀነሰ እዚያ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ደረጃ ካልተሟላ አማካዮችን ማወዳደር አይፈቀድም፤ ሠንጠረዡ ምንም ያህል ቢያምር።

«ትውልድ» የሚለው አምድ

ብዙ ሪፖርት የሚከተለው ክፍፍል የታወቀ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1964 የተወለዱት ቤቢ ቡመር፣ ከ1965 እስከ 1980 ትውልድ ኤክስ፣ ከ1981 እስከ 1996 ሚሌኒያል፣ ከ1997 ጀምሮ ትውልድ ዜድ። ታኅሣሥ 1996 እና ጥር 1997 የተወለዱ ሁለት ባልደረቦች በዚህ ክፍፍል በሁለት ትውልድ ይመደባሉ፤ በ15 ዓመት የሚራራቁት የ1981ና የ1996 ልጆች ግን አንድ ላይ ይታጎራሉ። ስያሜዎቹን በስፋት ያስለመደው የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ከእንግዲህ በጥንቃቄ ብቻ እንደሚጠቀምባቸው አስታውቋል።

ዋናው ችግር ግን ከድንበሩ የጠለቀ ነው፤ ሒሳብ ነው። ዕድሜ ማለት የተለካበት ዓመት ሲቀነስ የልደት ዓመት ነው። መለኪያው በአንድ ዓመት ብቻ ከተወሰደ ዕድሜና የልደት ዓመት አንድ ዓይነት መረጃ ናቸው፤ አንዱን ማወቅ ሌላውን ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሞላ መጠይቅ ላይ የ29 ዓመቱ ሠራተኛ ዝቅተኛ ነጥብ፣ የ56 ዓመቱ ከፍተኛ ነጥብ ቢያገኝ፣ ምክንያቱ የ1995 ልጅ መሆኑ ነው ወይስ 29 ዓመቱ መሆኑ? የትኛውም የስታትስቲክስ ፕሮግራም ከዚህ አንድ ዙር መረጃ መልሱን ሊያወጣ አይችልም። የ56 ዓመቱ ሰው በ29 ዓመቱ ምን ይል እንደነበር መረጃ ውስጥ የለምና።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደረባሉ። አንደኛው የቀሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። በ25 ዓመታቸው የገቡት ሁሉ እስከ 55 አይቆዩም፤ ሥራው የሰለቻቸው በየመንገዱ ወጥተዋል። ስለዚህ የአንጋፋዎቹ ቡድን ተበጥሮ የቀረ ነው፤ የወጣቶቹ ቡድን ግን ነገ የሚለቁትንም ይዟል። የአንጋፋዎቹ አማካይ ከፍ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። ሁለተኛው አዲስ ገቢዎች የሚገጥማቸው የመጀመሪያ ዓመታት ድንጋጤ ነው። በዴንማርክ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችን ሥራ ከመጀመራቸው በፊትና በኋላ ተከታትሎ የለካ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የማገልገል ተነሳሽነት ሥራ ከተገባ በኋላ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ መሥሪያ ቤት አብዛኛው ወጣቱ ከሦስት ዓመት በታች አገልግሎት ያለው ከሆነ፣ «የወጣቱ ትውልድ ዝቅተኛ ተነሳሽነት» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

የሥራ ደረጃ ደግሞ ብቻውን ሙሉውን ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው። በመስኮት አገልግሎት ላይ ያሉ ሠራተኞች፣ ወጣትም ይሁኑ አንጋፋ፣ አማካያቸው 3.4 ይሁን፤ በባለሙያ ደረጃ ያሉት፣ ወጣትም አንጋፋም፣ 4.0 ይሁን። በየደረጃው ውስጥ የዕድሜ ልዩነት ፈጽሞ የለም ማለት ነው። አሁን ከወጣቶቹ 80 በመቶው፣ ከአንጋፋዎቹ 30 በመቶው መስኮት ላይ ናቸው እንበል። የወጣቶቹ ጠቅላላ አማካይ 3.52 ይሆናል፤ የአንጋፋዎቹ 3.82። በሪፖርቱ ላይ የ0.30 «የትውልድ ልዩነት» ይታያል፤ ልዩነቱ ግን ሙሉ በሙሉ ከመስኮቱና ከባለሙያው ወንበር የመጣ ነው። ስለዚህ የዕድሜና የሥራ ደረጃ ሠንጠረዥ ሳይሠራ የትኛውም የዕድሜ አማካይ ለኃላፊ መቅረብ የለበትም። ይህን አንድ ሠንጠረዥ ማየት ብቻ ብዙ የችኮላ ውሳኔ ያስቀራል ብለን እናምናለን።

ታዲያ በደንብ የተለካው ምን ይላል? ካሮል ጁርኪየዊች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ የትውልድ ኤክስና የቤቢ ቡመር ሠራተኞች ከሥራቸው የሚፈልጉት ከተባለው በላይ ተመሳሳይ ሆኖ አግኝታዋለች። ዴቪድ ኮስታንዛና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 የ20 ጥናቶችን ውጤት አጣምረው በሥራ እርካታ፣ ለድርጅት ባለ ታማኝነትና ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ ላይ በትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት ከመካከለኛ እስከ ትንሽ፣ በብዙው ቦታም ከዜሮ የማይርቅ መሆኑን አሳዩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት የትውልድ ስያሜዎችን ለሠራተኛ አስተዳደር መሠረት ማድረግ በማስረጃ እንደማይደገፍ ደምድመዋል።

ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። ዕድሜን እኩል አድርጎ የሚለካ ዘዴ አለ፦ በተለያየ ዓመት አንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎችን መጠየቅ። ጂን ትዌንጅና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976፣ በ1991 እና በ2006 የሰጡትን መልስ አወዳድረው፣ ለዕረፍት ጊዜ የሚሰጠው ዋጋ በግልጽ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ሌሎችን ለመርዳትና ለኅብረተሰብ ለመጥቀም የሚሰጠው ዋጋ ግን በትውልዶቹ መካከል ተቀራራቢ ነበር። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የማገልገል ፍላጎት ሳይለወጥ ለሥራ የሚሰጠው ሰዓት ላይ ያለው አመለካከት ሊለወጥ እንደሚችል ያሳያል። የሕዝብ አገልግሎት ተነሳሽነት መጠይቅ የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለ ሰዓት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ዕድገትና ስለ አለቃ ምንም አይጠይቅም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ማሪሌን ጋኜና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ባለ 19 ጥያቄ የሥራ ተነሳሽነት መለኪያ ጥሩ ተጓዳኝ ነው። «በሥራዎ ላይ ለምን ይተጋሉ?» ብሎ ይነሣና ክፍያ ለማግኘት፣ ወቀሳ ለመሸሽ፣ እንዳያፍሩ፣ ስለሚያምኑበት ወይስ ስለሚያስደስታቸው መሆኑን ይለያል። ምንም ተነሳሽነት የሌለውንም ለብቻው ያወጣል።

የሰው ብዛትና የአሞላል ሥርዓት

ከላይ እንደታየው የሚጠበቀው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትንሽ ልዩነት ደግሞ ብዙ ሰው ይፈልጋል። በስታትስቲክስ ትንሽ የሚባለውን (0.2 መደበኛ ልዩነት፤ መደበኛ ልዩነት ነጥቦች ከአማካያቸው የሚርቁበት ልክ ነው) 80 በመቶ በሚሆን ዕድል ለማየት በእያንዳንዱ የዕድሜ ቡድን ወደ 394 ሰው ያስፈልጋል። ለመካከለኛው (0.5) 64 ይበቃል። 35 ወጣትና 40 አንጋፋ ያለው መሥሪያ ቤት «ልዩነት አልተገኘም» ቢል መሣሪያው ትንሹን ልዩነት ለማየት አቅም አልነበረውም ማለት ነው፤ «ልዩነት ተገኘ» ቢል ደግሞ መጠኑ ተጋንኖ የወጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለ ትንሽ መሥሪያ ቤት የሚሻለው ቡድን ማወዳደሩን ትቶ በአጭሩ ቅጂ ላይ አንድ ክፍት ጥያቄ መጨመር ነው፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሥራዎ ላይ እንዲተጉ ያደረገዎትን አንድ ነገርና ያዳከመዎትን አንድ ነገር ይጻፉ።» ከዚህ የሚገኘው መልስ ከአማካይ ነጥብ ይልቅ ለኃላፊ ይጠቅማል።

አሞላሉ ላይ የሚበላሸው ነገር በአብዛኛው ከፍርሃት የሚመጣ ነው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሥራ ክፍልና የአገልግሎት ዘመን አብረው ከተጠየቁ ሠራተኛው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እሱም ያውቃል። ያን ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብሎ ሁሉንም 4ና 5 ያደርጋል። ስለዚህ ትክክለኛው የልደት ዓመት ከተጠየቀ የሥራ ክፍሉ ሰፋ ብሎ ይጠየቅ፤ ከ10 ሰው በታች የሆነ ቡድን ውጤትም ለብቻው አይውጣ። ወረቀቱን የቅርብ አለቃ አያድል፣ አይሰብስብ። የሥራ አፈጻጸም ምዘና በሚሞላበት ወር ወይም የደመወዝ ጭማሪ ወሬ በሰፈነበት ሳምንት አይሞላ፤ የዚያን ሰሞን ስሜት ነው የሚለካው። የልደት ዓመቱ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚጻፍም ወረቀቱ ላይ ይገለጽ፤ ካልተገለጸ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባና አንዱን ሠራተኛ ሌላ ቡድን ውስጥ ይከተዋል። ሲጠናቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቁጥር ብቻ ያከበቡ ወረቀቶች ተለይተው ይታዩ፤ በኤክሴል የእያንዳንዱን ሰው መልስ መደበኛ ልዩነት ማስላት በቂ ነው፤ ዜሮ የሆነው እሱ ነው።

የቱን እንምረጥ?

ብዙ መቶ ሠራተኛ ያለውና ትርጉሙን በደንብ ለመሥራት ጊዜ ያለው መሥሪያ ቤት ባለ 16ቱን ከጋኜ ባለ 19 ጥያቄ ጋር ይጠቀም፤ አንድ ላይ 35 ጥያቄ ስለሚሆን በአንድ መቀመጫ ይሞላል። ትንሽ መሥሪያ ቤት ባለ 5ቱንና ክፍቱን ጥያቄ ይውሰድ። ባለ 24ቱ ከድሮ ውጤት ጋር ማወዳደር ለሚፈልግ ብቻ ይቆይ። በሁሉም ላይ «ትውልድ» የሚለው ሳጥን ወጥቶ በቦታው የልደት ዓመት፣ የአገልግሎት ዓመትና የሥራ ደረጃ ይግቡ፤ ዕድሜም ሳይሸነሸን እንደ ቁጥር ይተንተን።

መለኪያው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ቢደገም በአንድ ዙር የማይመለሰው ጥያቄ ቀስ በቀስ መልክ ይይዛል፤ አንድ ሰው በዕድሜው ሲገፋ የሚለወጠውን ማየት ይቻላልና። ለዚህ ስም ሳይጻፍ ወረቀቶችን የሚያገናኝ ኮድ ያስፈልጋል። ሠራተኛው ራሱ ይሥራው፦ የእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ የተወለደበት ቀን፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና የታላቅ ወንድምና እኅት ብዛት። ለምሳሌ «አ17መ2»። በሁለተኛው ዙር አንዱን ክፍል አሳስተው የሚጽፉ ይኖራሉ። ከአራቱ ሦስቱ የገጠሙትን በልደት ዓመትና በጾታ አመሳክሮ ማጣመር ይቻላል፤ ሁለት ብቻ የገጠሙት ግን ይቅሩ፤ የማይገናኙ ሁለት ሰዎችን ማጣመር ያልነበረ ለውጥ ይፈጥራል።